ግንባር ላይ የማይለጠፍ ገንዘብ

[ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ፣ የጥር እሑድ ረፋድ። ወደ ማንኩሳ የሚሄደው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ቆሟል። በሩ ሥር የአክስትና የአጎት ልጆች ጭቅጭቅ ይዘዋል። ዘሚካኤል ከተማው ውስጥ የሞባይል ሱቅ ያለው፣ የማያውቀው ነገር ገና ያልተፈጠረ ጎበዝ ነው፤ ለዛሬው ሠርግ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ክንዱ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ነው። የነገሩትን ሁሉ ያምናል፣ ያመነውን ሁሉ ያደርጋል።]

ዘሚካኤል፦ አውጣው ከዚያ! ሱሪህ በአንድ በኩል አብጦ ሰው ሁሉ ጭንህን ውሻ የነከሰህ እየመሰለው ነው።

ክንዱ፦ የት ላድርገው ታዲያ? የበርበሬዬ ዋጋ እኮ ነው።

ዘሚካኤል፦ ባንክ አስገባው አላልኩህም?

ክንዱ፦ ነጋዴው ትናንት በመሸ ሰጠኝ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ባንኩ ዝግ ነው ያልከኝም አንተው ነህ።

ዘሚካኤል፦ ቢሆንም ያሳፍራል። በዚህ ዘመን ብር ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አለ? እኔን እየኝ። ና፣ ኪሴን ዳብሰው።

ክንዱ፦ [ግራ ቀኙን ዳብሶ] ባዶ ነው።

ዘሚካኤል፦ ባዶ አይባልም! ዘመናዊ ነው የሚባለው።

ክንዱ፦ እንዲያ ነው? እኔም ዓምና ክረምቱን ሙሉ ዘመናዊ ሆኜ ነበር ለካ የከረምኩት።

ዘሚካኤል፦ [ትዕግሥቱን አሰባስቦ ከደረት ኪሱ የባንክ ካርድ አወጣ] ይኸን ታየዋለህ?

ክንዱ፦ አየዋለሁ።

ዘሚካኤል፦ ብር ነው።

ክንዱ፦ [ገልብጦ፣ በፀሐይ አሳልፎ አይቶ] የቱ ጋ ነው ያለው?

ዘሚካኤል፦ ብሩ ያለው ባንክ ቤት ነው። ይኸ መክፈቻው ነው።

ክንዱ፦ ብር አይደለማ እንግዲያ። ቁልፍ ነው።

ዘሚካኤል፦ ቁልፍም ነው፣ ብርም ነው! እሱን ተወው፣ ይኸ ስልክ ደግሞ አለ። ኮከብ ትላለህ፣ ቁጥሩን ትመታለህ፣ በመጨረሻ መሰላል ትላለህ፤ ብሩ ከኔ ተነሥቶ ከሰውየው ይደርሳል።

ክንዱ፦ ኮከብና መሰላል? ኧረ በማርያም፣ ይኸ ነገር ጥንቆላ አይደለም?

ዘሚካኤል፦ ቴክኖሎጂ ነው! ስማኝ ወንድምዓለም፣ ወረቀት ብር አልቆለታል። ውጭ አገር ድሮ ቀርቷል። እኛም ጋ ቢሆን በዛሬ ዓመት አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ወረቀት ብር ካገኘህ ጆሮዬን ቁረጠው።

ክንዱ፦ [ያበጠውን ሱሪውን በሁለት እጁ ጭብጥ አድርጎ] በዛሬ ዓመት? ይኸስ? ይኸ የኔው?

ዘሚካኤል፦ ወረቀት።

ክንዱ፦ ወረቀት ብቻ?

ዘሚካኤል፦ እሳት ማቀጣጠያ።

ክንዱ፦ እኔን! ለቤተ ክርስቲያንስ? ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ስልኬን ልክተተው?

ዘሚካኤል፦ ጃንጥላው ላይ ቁጥር ይጻፋል። ትደውላለህ፣ ይደርሳል።

ክንዱ፦ ለማን ነው የምደውለው? ለገብርኤል?

ዘሚካኤል፦ ለባንኩ!

ክንዱ፦ እኔ የተሳልኩት ለገብርኤል ነው። ባንኩ ልጅ አላዳነልኝም።

ዘሚካኤል፦ አንተ ምን ልጅ አለህ? ሚስት እንኳ የለህ!

ክንዱ፦ የእኅቴን ልጅ ነው። ሚስቱንማ እናቴም ነጋ ጠባ ትጨቀጭቀኛለች።

ዘሚካኤል፦ አይዞህ። ዛሬ የእኔ ነገር ይሳካና ላንተም አንዷን እንፈልጋለን። ደግሞ ልንገርህ፤ ሠርጉ ቤት አፍህን ሰብስበህ ተቀመጥ። እኔ የሄድኩት ለጠላው አይደለም።

ክንዱ፦ ለምንድን ነው?

[ዘሚካኤል ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህን ጉዳይ እስከ ዛሬ ለማንም አልነገረም፤ ለመንገር ግን አፉን ሲበላው ከርሟል።]

ዘሚካኤል፦ ያምሮትን ታውቃታለህ? የጋሽ እንዳለውን ልጅ? የሙሽራውን የይታገሱን እኅት?

ክንዱ፦ በስም።

ዘሚካኤል፦ ስልኳን ሦስት ጊዜ ጠግኜላታለሁ።

ክንዱ፦ ምን ያበላሸዋል እንዲህ?

ዘሚካኤል፦ እኔ ነኝ። ካልተበላሸማ በምን ትመጣለች? ብቻ ዛሬ አባቷ አይተው ከወደዱኝ በሚመጣው እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልወደዱኝ የቡሬው እህል ነጋዴ ቀድሞ ይለምናታል። ቀልድ እንዳይመስልህ ክንዱ፤ ይህችን ልጅ ካጣሁ እኔ ሰው አልሆንም።

ክንዱ፦ ታገኛታለህ። እንዳንተ ያለ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣላቸዋል?

[ይህን ያለው ከልቡ ነው። ዘሚካኤልም ከልቡ ተስማማ። ሚኒባሱ ሞላና ተነሣ። ትንሽ እንደሄዱ ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ መጣ። ዘሚካኤል ምንም ሳይናገር ካርዱን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ አሳየው። ለነገሩ የሚያደርገው ሌላ ነገር አልነበረውም። ረዳቱ ካርዱን አየ፣ ሙሉ ልብሱን አየ፣ ጥቁር መነጽሩን አየ፤ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። "ይቅርታ ሻለቃ" ብሎ አለፈ።]

ክንዱ፦ ሠራ!

ዘሚካኤል፦ [ከክንዱ ይበልጥ የገረመው እሱ ነው፤ ፊቱን ግን አልለወጠም] አላልኩህም?

ክንዱ፦ ሻለቃ ያለህ ለምንድን ነው?

ዘሚካኤል፦ እ... ካርዱ ማዕረግ አለው። ከፍ ያለ ነው የኔ።

ክንዱ፦ የኔን ግን በወረቀት ነው የተቀበለኝ። ያውም ፊቱን አጨፍግጎ።

ዘሚካኤል፦ አየህ? ወረቀቱ እየሰለቻቸው ነው።

ክንዱ፦ [በመስኮት እያየ] በዓይኔ አየሁ። ከእንግዲህ አልከራከርህም። በዛሬ ዓመት ነው ያልከው?

ዘሚካኤል፦ በዛሬ ዓመት።

ክንዱ፦ ሰው ሁሉ ሰምቷል?

ዘሚካኤል፦ ገጠሩ ገና ነው። የከተማው ሰው ነው የሚያውቀው።

ክንዱ፦ ምስኪኖች።

[ማንኩሳ፣ የጋሽ እንዳለው ዳስ። ሰው ጢም ብሏል። ጋሽ እንዳለው አዲስ ጋቢያቸውን ደርበው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እያበሉ እያጠጡ ነው ቢባልም፣ ዋና ሥራቸው አዝማሪው ስሙን የጠራው ሰው ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ምን እንደሚለጥፍ መመልከት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በረድፍ እየመጣ ነው፤ ግንባሩ ላይ የአሥር ብር ኖት በላብ ተጣብቋል። ዘሚካኤል ይህን እንዴት እንደረሳው ለራሱም አልገባውም።]

ዘሚካኤል፦ [በሹክሹክታ] ክንዱ። ከዚያ ከሽማግሌው ቀጥሎ እኔ ነኝ።

ክንዱ፦ እሰይ!

ዘሚካኤል፦ ምን እሰይ አለው? ምን ልለጥፍ ነው?

ክንዱ፦ ካርዱን ነዋ።

ዘሚካኤል፦ ካርድ ግንባር ላይ አይለጠፍም!

ክንዱ፦ ላብ አለው እኮ። ይይዘዋል።

ዘሚካኤል፦ ለጥፌውስ? እሱ ምን ያደርግበታል?

ክንዱ፦ እንደ ረዳቱ ሻለቃ ይልህና ያልፋል።

[አዝማሪው ደረሰ። ፊት ለፊቱ ቆሞ ማሲንቆውን አንድ ሁለት ጊዜ ሳበና ግጥሙን አወረደው፦

"ከከተማ መጥቷል የለበሰ ጎበዝ፣
እጁ ኪሱ ገብቶ ዋለ ሳይመዝዝ።"

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ እንዳለው አንገታቸውን አሰገጉ። ከጓዳው በር የያምሮት ፊት ብቅ ብሎ ተመለሰ፤ ዘሚካኤል ጆሮው ጋለ።]

ዘሚካኤል፦ [ተነሥቶ፣ ስልኩን እያወጣ] የሒሳብ ቁጥርህን ንገረኝ!

አዝማሪው፦ ምን አሉኝ ጌታው?

ዘሚካኤል፦ የባንክ ቁጥርህን! ስምህን ከነአባትህ ንገረኝና አሁኑኑ እጨርሳለሁ።

አዝማሪው፦ [ማሲንቆውን ከኋላው ደብቆ] ጎበዝ፣ ይኸ ሰው የግብር ሰው ነው! እኔ ድሀ ነኝ ጌታዬ፤ ይኸም ግንባሬ ላይ ያለው ለማሳያ የለጠፍኩት የራሴ ነው።

ዘሚካኤል፦ ኧረ አይደለሁም! ክንዱ፣ ንገራቸው እስኪ ማን እንደሆንኩ!

ክንዱ፦ [ወንድሙን ሊያድን ተነሥቶ፣ በሙሉ ድምፁ] ሻለቃ ነው!

ዘሚካኤል፦ አንተ!

ክንዱ፦ ከፍ ያለ ነው! መኪና ላይ እንኳ አይከፍልም!

[አንድ በርበሬ ነጋዴ ጠላውን ሳይጨርስ በጓሮ ወጣ። አንድ ሁለት ሰው ተከተለው። ዘሚካኤል ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ከራሱ በላይ አንሥቶ ወዲህ ወዲያ አዞረው፤ አንዲት ባልቴት "ኧረ እየቀረጸን ነው!" ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከዚህ በኋላ እዚያ ቆሞ መቅረት ለጠላትም አይመኙት። ዘሚካኤል "መጣሁ" ብሎ ከዳሱ ወጣ፣ ከከብቶቹ በረት ኋላ ካለ የድንጋይ ካብ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

ኔትወርኩ አንዲት መስመር ያሳየዋል፣ ይወስድበታል። ኮከብ አለ፣ ቁጥሩን መታ፣ መሰላል ሲል ጠፋ። ደግሞ ጀመረ፤ የአዝማሪውን የሒሳብ ቁጥር እንዳላገኘ ትዝ እንኳ አላለውም። ይህን ሲያደርግ ከዳሱ ውስጥ እልልታ ተነሣ። ከእልልታው በላይ የአዝማሪው ድምፅ ተሰማ፦

"ክንዱ በሉት ክንዱ የበርበሬ ጌታ፣
ግንባሬ ሞላብኝ የት ላድርግህ ቦታ?"

ዘሚካኤል ሌላ ክንዱ ነው ብሎ አሰበ። ብዙ ቆይቶ ግን የሚያውቀው ክንዱ እያላበው፣ ሱሪው ሁለቱም እግሩ ላይ እኩል ወርዶለት፣ ወደ ካቡ መጣ።]

ክንዱ፦ የት ጠፋህ? ስፈልግህ ነበር።

ዘሚካኤል፦ ተወኝ አሁን። አንድ ኖት አበድረኝ። ገብቼ ልለጥፍና ስሜን ላድስ።

ክንዱ፦ ወረቀቱን?

ዘሚካኤል፦ አዎ ወረቀቱን!

ክንዱ፦ አላደርገውም። አንተን የሚያህል ሰው በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ወረቀት ይዘህ ስትታይ? አላዋርድህም።

ዘሚካኤል፦ አዋርደኝ! በእግዚአብሔር አዋርደኝ ክንዱ!

ክንዱ፦ ደግሞም አልቋል።

ዘሚካኤል፦ ምኑ ነው ያለቀው?

ክንዱ፦ የበርበሬው። አንተ ከወጣህ ጀምሮ አዝማሪው ስሜን ይጠራል፣ እኔ እለጥፋለሁ። ይጠራል፣ እለጥፋለሁ። ግንባሩ ሲሞላ ጉንጩ ላይ አደረግሁለት። ማሲንቆውም ላይ አለ።

ዘሚካኤል፦ ሙሉውን?! አብደሃል? ዓመት ሙሉ የለፋህበትን!

ክንዱ፦ በዛሬ ዓመት እሳት ማቀጣጠያ ነው አላልክም እንዴ? እነዚህ ምስኪኖች ገና አልሰሙም። ሳይሰሙ በፊት ላውለው ብዬ ነው እንጂ። [ፊቱ ጠቆር አለ] ኃጢአት ነው እንዴ? አታለልኳቸው ማለት ነው?

ዘሚካኤል፦ [ካቡ ላይ ተቀመጠ] ለመሳፈሪያ እንኳ አላስቀረህም?

ክንዱ፦ ካርድህ አለ ብዬ።

[ዘሚካኤል ሊቆጣ ፈለገና ቁጣው በየት በኩል እንደሚጀመር አጣው። የተደረገው ሁሉ እሱ እንዳለው ነው።]

ዘሚካኤል፦ እሺ። ጋሽ እንዳለው አዩህ?

ክንዱ፦ ማየት ብቻ! ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። የማን ልጅ ነህ አሉኝ፣ ነገርኳቸው። አባቴን ያውቁት ኖሯል፤ በሬ ተዋውሰዋል።

ዘሚካኤል፦ ስለ እኔስ?

ክንዱ፦ ጠየቁኝ። "ያ ሻለቃ ምንህ ነው?" አሉኝ።

ዘሚካኤል፦ ሻለቃ አይደለም አላልክም?

ክንዱ፦ አልኩ እንጂ! "ሻለቃ አይደለም፤ ኪሱ ውስጥ ምንም የሌለው ዘመናዊ ሰው ነው" አልኳቸው።

ዘሚካኤል፦ ወይኔ ልጅቱ!

ክንዱ፦ በጣም አዘኑልህ። "ይብላ፣ ከልክላችሁ እንዳታሳፍሩት" ብለው አዘዋል።

ዘሚካኤል፦ ያምሮትንስ? እንደምፈልጋት አነሣህላቸው?

ክንዱ፦ እሳቸው ናቸው ነገሩን ያነሡት። "ሚስት አለህ ወይ?" አሉ።

ዘሚካኤል፦ ማንን?

ክንዱ፦ እኔን።

ዘሚካኤል፦ [ቀስ ብሎ ከካቡ ወረደ] ምን አልክ?

ክንዱ፦ የለኝም አልኳ። ለሽማግሌ አይዋሽም። "እንዲህ እጁ የማይሰስት ሰው ልጄን አያስርባትም" አሉኝ።

ዘሚካኤል፦ ልጄን? የትኛዋን ልጃቸውን?

[ጋሽ እንዳለው ያላቸው ሴት ልጅ አንዲት ብቻ እንደሆነች ዘሚካኤል ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ቢሆንም ጠየቀ፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ እንዲህ ያደርገዋል።]

ክንዱ፦ ያምሮትን ነዋ።

ዘሚካኤል፦ አንተ ከሃዲ! እያወቅህ!

ክንዱ፦ ቆይ አትጩኽ፣ ልንገርህ። እኔም ወዲያው ነው የተናገርኩት። "ጋሽ እንዳለው፣ ይህችንማ ዘሚካኤል ነው የሚፈልጋት" አልኳቸው። "እሷው ትጠየቅ" አሉ፤ ከጓዳ ተጠራች።

ዘሚካኤል፦ ምን አለች? ክንዱ፣ ቶሎ በል፣ ምን አለች?

ክንዱ፦ ሳቀች።

ዘሚካኤል፦ ስቃስ?

ክንዱ፦ "አንዲት ስልክ ሦስት ጊዜ ጠግኖ ያላዳናት ሰው ምን ሊረባኝ ነው?" አለች።

[ዘሚካኤል አፉን ከፈተ። እውነቱን ቢናገር የባሰ ነው፣ ባይናገርም ያው ነው። ዘጋው።]

ክንዱ፦ ከዚያ ወደኔ ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ዘሚካኤል፣ እንዳው አልዋሽህም፣ ልቤ ድንግጥ አለ። እኔን እንዲህ ያየ ሰው የለም እስከ ዛሬ። ግን አንተ ከተቀየምክ አሁኑኑ ገብቼ "አይሆንም" እላለሁ። ማርያምን እላለሁ።

[ዘሚካኤል አየው። ክንዱ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ ግባና በል ቢለው ይላል። ግን "አይሆንም" ቢባልስ ምን ሊጠቅመው? እሷ እንደሆነች ስቃለች።]

ዘሚካኤል፦ [እያቃሰተ] ተወው። መቼ ነው ሽማግሌ ላክ ያሉህ?

ክንዱ፦ በሚመጣው እሑድ። የቡሬው ነጋዴ ሳይቀድም አሉ።

ዘሚካኤል፦ ማንን ልትልክ ነው?

ክንዱ፦ ሁለቱን አግኝቻለሁ። አንደኛው የንስሐ አባቴ ናቸው፣ አንደኛው አጎታችን። ጋሽ እንዳለው ግን "ሦስት ይሁኑ፣ ሦስተኛው አፉ የማይደክም ሰው ይሁን" አሉኝ። ወዲያው ያንተን ስም ሰጠኋቸው።

ዘሚካኤል፦ እኔ?! የምወዳትን ልጅ እኔው ሄጄ ላንተ ልለምንልህ?

ክንዱ፦ ምነው ትቆጣለህ ወንድምዓለም? ላንተው አስቤ እኮ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ለመሄድ ብር አያስፈልግም።